ውጅግራው የማን ነው?

ልጅ ሳለሁ ቀየት፣ አያቴ ቤት ምሰሶ ላይ አንድ ውጅግራ ተሰቅሎ ይታይ ነበር፡፡ «የአገር ቤት ዕቃ» እንዳልለው ስሙ ይከዳኛል፡፡ ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር በ1866 ዓ.ም. የታጠቀው «ፉዚ ግራ» ነው፡፡

አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ ጠመንጃው ግን ከባሕር ማዶ መምጣቱን አላቆመም፡፡ ስለዚህ ቁጥጥሩም ከወደብ ጀመረ፡፡ በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ወደ አገራችን የሚገባውን መሣሪያ ለመቆጣጠር ተዋዋሉ፤ ኢትዮጵያ አልፈረመችም፡፡ የ1922 ዓ.ም.ን ውል ግን ራሷም ፈረመች፡፡

የዛሬው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወደብ አልፎ እምሰሶው ድረስ ይደርሳል፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፡፡ ተገቢ ነው፡፡ አያቴ ግን ጠመንጃውን የርስቱ ዋስ አድርጎ ነበር የሚያየው፡፡ ሕግ ዋሱን ሲቆጣጠር፣ ዋስትናውንም አብሮ መረከብ አለበት፡፡