ጎተራ ያላገኘው ምርት

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ፣ ጤፍ ይዞ ገበያ የወጣ ገበሬና ቲማቲም ይዞ የወጣ ገበሬ እኩል አይደሉም። ዋጋው ካልጣመው ባለ ጤፉ እህሉን ጭኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባለ ቲማቲሙ ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ነገ የሚሸጠው የለውም። ነጋዴውም ይህን ያውቃል። ማቆየት የማይችል ሰው መደራደር አይችልም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

የወሎ ጓዳ፣ እንደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ የቆመው በደረቅ ነገር ላይ ነው። እህሉ በጎታና በጎተራ፣ አተርና ሽምብራው በሽሮ፣ በርበሬው ደርቆና ተፈጭቶ፣ ሥጋው በቋንጣ፣ እንጀራው ሳይቀር በድርቆሽ ይቆያል። ምሥጢሩ አንድ ነው፦ ውሃ ከሌለ ሻጋታ አይራባም።

ጎመን ግን ማቆያ አልተበጀለትም። ከጓሮ ተቀንጥሶ በዕለቱ ይበላል። ክብርም አላገኘም፤ ዘመን ሲለወጥ የጎመን ምንቸት ወጥቶ የገንፎ ምንቸት እንዲገባ የሚመኝ ሕዝብ፣ ጎመንን የክረምት ማለፊያ አድርጎ ነው ያየው።

ድንች ትንሽ ተሻለ። እ.ኤ.አ. በ1858 አካባቢ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር አገር ውስጥ እንዳስገባው ይነገራል። በስፋት የተለመደው ግን ከክፉ ቀን በኋላ ነው። ገበሬው ማቆያውን ራሱ አገኘለት፤ ሳይቆፍር መሬት ውስጥ ይተወዋል።

መንግሥትም ያሰበው እንደ ጓዳው ነው። የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ወሎን ካደቀቀ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1970ዎቹም የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተጀመረ። ከመጋዘኖቹ አንዱ ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ለረሃብ ዘመን ትክክል ነበር፤ ነፍስ የሚያቆየው እህል ነውና። ነገር ግን መስኖ ሲስፋፋና ገበሬው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ወደ ማምረት ሲዞር፣ የማቆያ አስተሳሰባችን አብሮ አልዞረም። ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፤ ፋሲካ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ምርቱ ግን የጾም አቆጣጠር አያውቅም።

«ፍሪጅ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። ጃኮብ ፐርኪንስ የማቀዝቀዣ ፈጠራውን እንግሊዝ አገር ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው፤ የቤት ፍሪጅ በአሜሪካ በስፋት መሸጥ የጀመረው ግን 1920ዎቹ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ መብራት ያላገኘው ሕዝብ ዛሬም ብዙ ነው። ያገኘውም ቢሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ ቁም ሣጥን ይሆንበታል።

ፍሪጁ ቢሠራ እንኳ ዕውቀት ይፈልጋል። አትክልት ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፤ ቅዝቃዜ ትንፋሹን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። እ.ኤ.አ. በ1901 ሩሲያዊው ኔልዩቦቭ በቤተ ሙከራው የአተር ቡቃያ ሲጣመም አይቶ ምክንያቱን ቢፈልግ፣ ከመብራቱ ጋዝ ውስጥ ያለ ኤትሊን የሚባል አየር ሆኖ አገኘው። ፍራፍሬ ሲበስል ይህንኑ አየር ራሱ እንደሚያወጣ በ1934 ተረጋገጠ። ስለዚህ የበሰለ ሙዝ ወይም ቲማቲም ከሰላጣ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከገባ፣ ሰላጣው ቀድሞ ይበላሻል። ቅጠላ ቅጠል ውሃው ተራግፎ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ቲማቲም እስኪበስል ከፍሪጅ ውጭ ይቆይ። ድንች፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሪጅ አይወዱም፤ ጨለማና ነፋሻ ቦታ፣ ድንቹና ሽንኩርቱ ተለያይተው ይቀመጡ። እናቶቻችን እርጥቡን ከደረቁ የሚለዩት በዚሁ ሕግ ነው።

መብራት ለሌለውስ? ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገብቶ፣ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሞላው። ውሃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየለት። በ2000 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘበት። ለወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ጥበብ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ፣ የመስኖው ምርት በሚደርስበት ጊዜ፣ ይበልጥ ይሠራል።

ሸክላ ሠሪው አለ፤ አሸዋውም አለ። የጎደለው አትክልትም እንደ እህል ቤት ይገባዋል የሚል አሳብ ነው። የመስኖ ቦይ የሚቆፍር በጀት ማቆያውን አብሮ ካላሰበ፣ ያለማው ለነጋዴው ነው። ባለ ቲማቲሙ አንድ ሳምንት መቆየት የቻለ ዕለት፣ እንደ ባለ ጤፉ «አልሸጥም» ማለት ይችላል።