ግመል ያልቻለው ሸክም

መጽሐፍ አበዛህ ተብሎ የተወቀሰ ሰው ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንደ ጠበቃ ይቁጠረው። እኔም ከተወቃሾቹ አንዱ ነኝ። በካርቱም ከተማ፣ ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር፣ ተከራይቼ እኖርባት በነበረችው ክፍል መጽሐፉ መጀመሪያ ከአንገረቤ ሥር ነበር፤ ቀጥሎ በግድግዳው ጥግ ቆመ፤ በመጨረሻም ከውኃው ዚር አጠገብ ደረሰ። ጎረቤቴ ቡና የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መቼ አንብበህ ልትጨርሰው ነው?» አሉኝ። «እንዳልጨርሰው ብዬ ነው የምገዛው፣ እትዬ» አልኳቸው። ሳቁና፣ «እንግዲያው ዱቄቱን በምን ልትገዛው ነው?» አሉ። ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

ውድ አንባቢ፣ ልማዱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ በወረቀትህና በጊዜህ ላይ ባልቀለድኩ ነበር። ነገር ግን የቆየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከፊሉ የተሠራው እኛው በመጣንበት መንገድ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው ጎንደር የገባው በ1770 ነው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጣ ይባላል፤ መምጣቱስ ለዚያው ነው። ሲመለስ የያዘው ግን ከምንጩ ወሬ ይልቅ ክብደት ያለው ነገር ነበር፤ የብራና መጻሕፍት። ከነዚያም መካከል መጽሐፈ ሄኖክ በሦስት ቅጂ ይገኝ ነበር። ይህ መጽሐፍ በሌላው ዓለም ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ፣ ሙሉው በግዕዝ ብቻ የቀረ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ! እትዬ ቢያዩት ምን ይሉት ነበር? ሆኖም ሦስት መሆኑ በጀ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ከኦክስፎርዱ ቅጂ ነው።

ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ሲወጣ በመጣበት በምጽዋ አልተመለሰም። ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ፣ ስናር ከርሞ፣ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት አጠገብ በሐልፋያ አልፎ፣ በሸንዲ በኩል ወደ ሰሜን ሄደ። ካርቱም ያን ጊዜ ከተማ አልነበረችም፤ የግብፅ ጦር የሰፈረባትና የቆረቆራት ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። ከበርበር ወዲያ ምድረ በዳው ጀመረ። አስዋን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ግመሎቹ አልነሣ አሉ። ብሩስም ጭነቱን፣ የኮከብ መመልከቻውን፣ ሥዕሎቹንና ወረቀቶቹን ሁሉ በአሸዋ ላይ ጥሎ ነፍሱን ይዞ ሄደ። በኅዳር ወር 1772 መጨረሻ አስዋን ገባ፤ ጥቂት እንዳረፈም ሌሎች ግመሎች አስከትሎ ተመለሰና ጭነቱን በጣለበት አገኘው።

እነዚያ ጥቂት ቀናት እስከ ዛሬ ያስጨንቁኛል። የጎንደር ጸሐፊ በቀንድ ቀለምና በመቃ ብዕር ወራት የደከመበት ነገር ባለቤት የሌለው ዕቃ ሆኖ በኑብያ በረሃ ተኝቶ ነበር። አንድ መንገደኛ ቢደርስበት፣ ቢበርደውና እሳት ቢያስፈልገው ማን ይፈርድበት ነበር? ሕይወቱን ካተረፈ በኋላ ለወረቀት ብሎ ወደ ሞት ሥፍራ የሚመለስ ሰው ዕብድ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን ስለ ብሩስ ብዙ የማልወድለት ነገር ቢኖርም በዚህች ሥራው ወንድሜ ነው።

ከብሩስ በኋላ የመጡት መጽሐፍ ወዳጆች ብዙ ናቸው። አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 በአገራችን ሲዞር ሰብስቦ፣ በ1859 በታተመው ዝርዝሩ 234 የብራና መጻሕፍት ቆጥሯል፤ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ሰብሳቢ ግን ከውጭ የመጣ ሳይሆን የቋራው ሰው፣ አጼ ቴዎድሮስ ናቸው።

አጼ ቴዎድሮስ ገዢ ነበሩ ለማለት ያስቸግራል። በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለማቆም አስበው፣ ለእርሱ የሚሆን መጽሐፍ ከየደብሩ አስመጡ። በታኅሣሥ 1866 ጎንደርን ሲመዘብሩና ሲያቃጥሉም የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በአምባው የተከማቸው ወደ 1000 ይጠጋ እንደ ነበር ይነገራል። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ በሚያዝያ 1868፣ ንጉሡ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ፤ ወታደሩም የተገኘውን ሁሉ ዘረፈ። ከዚያ የሆነው ነገር ነው ለጉዳያችን የሚጠቅመው። ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ሐራጅ ተባለ። በአገራችን ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ተደርጎ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከብሪትሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ዋናው ገዢ ነበር። ይህ ሰው ከሐራጁ አስቀድሞ አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዝቶአል፤ ርካሽ ገበያ የሚወድ ሁሉ ይህን ሲሰማ ደስ ከማለት ይልቅ ሊያፍር ይገባዋል። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። በ1872 ዮሐንስ 4ኛ ጽፈው ቢጠይቁ፣ ሁለት የነበረው ክብረ ነገሥት አንዱ ተመለሰላቸው። ይኸውም ደግሞ ከአንድ በላይ የመኖር ጥቅም ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በ1888 የመሐዲስቶች ጦር ከሱዳን ተነሥቶ ጎንደርን ወረረና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። «መጽሐፎቹ ለንደን ባይሄዱ ኖሮ ያን ጊዜ ይቃጠሉ ነበር» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ሌባ የወሰደው ዕቃ ከቤቱ ቃጠሎ ቢተርፍ ሌባውን ባለቤት አያደርገውም። ነገር ግን ክርክሩን ከመለስኩ በኋላም አንድ ነገር ከሐሳቤ አይወጣም፤ በአንድ አምባ፣ በአንድ ደብር፣ በአንድ ቤት የተከማቸ መጽሐፍ በአንድ ክብሪት ያልቃል። በብዙ ሰው እጅ የተበተነው ግን ለማጥፋት ያታክታል።

እንግዲህ ወደ ካርቱም እንመለስ። ዐረቦች «ካይሮ ትጽፋለች፣ ቤይሩት ታትማለች፣ ካርቱም ታነባለች» የሚል አባባል አላቸው። የኢራቅ ሰዎች ካርቱምን አውጥተው ባግዳድን ያስገባሉ፤ እኔ ግን ለአስተናገደችኝ ከተማ እመሰክራለሁ። በሱቅ አል ዐረቢ አካባቢ፣ በሕንፃዎቹ ጥላ ሥር፣ ጆንያና ላስቲክ ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ በአገሩ ቋንቋ ፈራሻ ይሏቸዋል። አንዱ ሰንደል ጫማ፣ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ መጽሐፍ ይዘረጋል። የእንግሊዞች ዘመን የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የሞስኮ ማተሚያ ቤቶች ያወጡት ጠንካራ ልባስ ያለው የሌኒን ጽሑፍ፣ የግብፅ ልቦለድ፣ የሕክምና መጽሐፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሀቡብ የተነሣ ቀን ሻጩ ላስቲኩን በአራት ማዕዘን ጠቅልሎ ይሮጣል፤ ነፋሱ ሲያልፍ የተዘረጋው ነገር ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ ትናንት ከታች የነበረው ዛሬ ከላይ ይገኛል። ብዙ ጥሩ መጽሐፍ ያገኘሁት ከሀቡብ በኋላ ነው።

በ2012 ወጣቶች ይህንኑ የመንገድ ልማድ ሥርዓት አስይዘው መፍሩሽ የሚባል ገበያ ጀመሩ። ትርጉሙ «የተነጠፈ» ማለት ነው። በመካከለኛው ካርቱም በአቲኔ አደባባይ፣ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ሰው ሁሉ አሮጌ መጽሐፉን አምጥቶ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይከራከራል። በ2015 ባለ ሥልጣኖቹ ገበያውን ከለከሉ። መጽሐፍ መሬት ላይ መነጠፉ ማንን እንዳስፈራ አንባቢ ራሱ ይገምት፤ እኛ ከመጣንበት አገር አንጻር እንግዳ ነገር አይደለም።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ማን ይረሳል? በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አወጣው፤ ወዲያው ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልቀረም። ከመሰብሰቡ በፊት ፈጥነው የገዙ ሰዎች ነበሩና በስውር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ዋጋውም በሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ሆነ። መንግሥት ከመደብር መጽሐፍ መሰብሰብ ይችላል፤ ከአልጋ ሥር መሰብሰብ ግን ሌላ ሥራ ነው። ነቢይ መኮንንም በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ፣ በሚፈቱ ሰዎች እጅ ጥቂት በጥቂት አስወጥቶታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር መጣል አልሆነልኝም።

በካርቱም አማርኛ መጽሐፍ ከየት ይመጣ ነበር ብትል፣ ከሻንጣ ነው። ሰው ከአገር ሲወጣ አንድ ሁለት መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውስትራሊያ መሄጃው የተሳካለት ቀን ሻንጣው ይመዘናል፤ ያን ጊዜ በርበሬውና ሽሮው ይቀድማሉ፣ መጽሐፉ ይቀራል። እኛም እንገዛዋለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሦስት ጊዜ የገዛሁት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መግቢያው የተቀደደ ነበር፤ ሁለተኛው መጨረሻው የለም። ሁለቱን አጋብቼ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አደረግሁና በድል አድራጊነት አንድ ሳምንት ሰነበትኩ። ሦስተኛውን ለምን ገዛኸው ቢሉኝ፣ በውስጥ ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ለእህቴ፣ እስክንገናኝ» የሚል ጽሑፍ ስለ ነበረበት ነው። ማን ለማን እንደ ጻፈው አይታወቅም። በሌላ ሰው እጅ ገብቶ በርበሬ ሲጠቀለልበት ማየት አልፈለግሁም። ካልተነበቡት መጻሕፍቴ ጋር አስቀምጬ፣ ማታ ማታ ጀርባቸውን ብቻ እያየሁ የምደሰትበት ጊዜ ነበር። ያልተነበበ መጽሐፍ ነገን ያስጠብቃል፤ ስደተኛ ደግሞ ነገን የሚያስጠብቀው ነገር አይበዛለትም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ በካርቱም ተጀመረ። በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ሱዳናውያን ስለ ራሳቸው አገር የጻፉት፣ ከየቦታው ተለቅሞ በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰበው ነገር አመድ ሆነ። ወሬውን የሰማሁት ገዳሪፍ ከደረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ ማዕከል ማኅተም ያለበት መጽሐፍ በእጄ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያው ርዕስ የታተመ ሌላ ቅጂ በሱቅ አል ዐረቢ አሸዋ ላይ ገዝቶ፣ «አበዛህ» ተብሎ የተወቀሰ ሱዳናዊ የሆነ ቦታ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ።

እኔ ከዴም ስወጣ ብሩስን አስታወስኩት፤ ግመል ግን አልነበረኝም። መኪናው የሚቀበለው አንድ ሰው አንድ ጓዝ ነበር። ውኃ፣ ብስኩት፣ ወረቀቶቼንና ሁለት መጻሕፍት ያዝኩ። የተጋባውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለማንም የሚደርስ ቢሆን ብዬ በአንገረቡ ላይ ተውኩት። ሦስተኛውን፣ ባለ ሰማያዊ ቀለሙን፣ የት እንዳደረግሁት በዚያ ጥድፊያ ጠፋኝ፤ ለብዙ ወራትም አዘንኩበት።

እትዬ እዚህ ካምፕ የገቡት ከእኔ ዘግይተው ነው። የመጡ ቀን ጀበናቸውን ከጨርቅ ፈቱ፤ ቀጥለው ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ከወረቀት እየገለጡ አወጡ። ወረቀቱን አየሁት። «እትዬ፣ ይህን ከየት አገኙት?» አልኳቸው። «ከቤትህ ነዋ፤ በሩ ክፍት ነበር። ሦስት አለህ ብዬ አንዱን ወሰድኩ። ሲኒው ተሰብሮ ይግባ ነበር?» አሉኝ። ስድስት ሲኒ ነበር፤ አንዱም አልተሰበረም። ወረቀቱን በጉልበቴ ላይ እያስተካከልኩ ቆጠርኩት። ከገጽ 97 እስከ ገጽ 128 ያለው በሙሉ አለ፤ ከርሱም ጋር ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት ሽፋን። ማንበብ የሚፈልግ ከእኔ ዘንድ ማግኘት ይችላል። ከገጽ 129 ጀምሮ ያለው በእጁ የሚገኝ ቢኖር ደግሞ ያሳውቀኝ፤ እገዛዋለሁ።