የድንጋይ ካባው እስታዲየም

ትምህርት ቤት የስፖርት ሜዳ እንደሚያስፈልገው መምህራንን እምብዛም አያከራክርም። የሚያከራክረው ሜዳው በማን ገንዘብ ይሠራ፣ ከተሠራስ በኋላ ማን ይጠቀምበት የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ሁለት የትምህርት ወረዳዎች የሰጡትን መልስ መመልከት ይጠቅመናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቴክሳስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ወረዳው ነው። ወረዳው በሕዝብ የተመረጠ ቦርድ አለው፤ ከቤትና ከመሬት ላይም ግብር ይሰበስባል። ግብሩ በሁለት የተከፈለ ሲሆን አንደኛው ለመምህራን ደመወዝና ለዕለት ወጪ፣ ሁለተኛው ለሕንፃ የተወሰደውን ብድር ለመክፈል ይውላል። ብድሩ የሚወሰደው ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሲፈቅድ ነው፤ ለሕንፃ የተፈቀደው ገንዘብም ለደመወዝ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የደመወዝ ጭማሪ ያላገኘ መምህር አዲስ እስታዲየም ሲሠራ ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያው ምሳሌ የሳን አንቶኒዮ ከተማ ነው። በኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ያጡትን ለመርዳት ማዕከላዊው መንግሥት በ1935 ያቋቋመው የሥራ ድርጅት በየአገሩ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሜዳ ያሠራ ነበር። በዚህም ዕርዳታ፣ ድንጋዩ ተፈልጦ በተተወ ካባ ውስጥ የአላሞ እስታዲየም ተሠርቶ በ1940 ተከፈተ። ባለቤቱ የትምህርት ወረዳው ነው፤ የወረዳው ልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶችም በአንድነት ይጠቀሙበታል። ሕዝቡ በ2010 ከፈቀደው የ515 ሚሊዮን ዶላር ብድር ላይ ወደ 35 ሚሊዮን የሚሆነው ለዕድሳቱ ዋለ።

ሁለተኛው ምሳሌ በዳላስ አጠገብ ያለችው አለን ናት። ሕዝቡ በ2009 የ119 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ ከዚህም 60 ሚሊዮን ያህሉ 18,000 ተመልካች ለሚይዝ እስታዲየም ሆነ። በ2012 የተከፈተው ይህ ሕንፃ በ2014 ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ተዘጋ፤ ተጠግኖም በ2015 ዳግመኛ ተከፈተ። ዋና ተጠቃሚው የከተማው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

የልዩነቱ ሥር ሀብት ነው። መሬቱ ውድ የሆነበት ወረዳ በትንሽ የግብር መጠን ብዙ ይሰበስባል፤ ድኻው ወረዳ ግን ከፍ ያለ መጠን ጥሎም ጥቂት ያገኛል። በሳን አንቶኒዮ የሚገኘው የኤጅዉድ ወረዳ ወላጆች ይህን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በ5 ድምፅ ለ4፣ አሠራሩ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም ሲል ፈረደ፤ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1989 የግዛቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል አለ።

እኛም በየአገራችን ለተማሪዎቻችን ሜዳ ስንጠይቅ፣ ከመሠረቱ ድንጋይ በፊት የሚታሰቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ዕዳውን ማን ይከፍላል? ጥገናው ከየት ይመጣል? ጎረቤት ትምህርት ቤትስ ይጫወትበታልን? አበው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዳሉት፣ አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን የማይችለውን ሜዳ ብዙዎች ተባብረው ሊይዙት ይችላሉ።