የነከሰ ሞተር

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ደምበጉና በተባለው በር ላይ፣ ከጎጃም የዘመተው የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ግንባር ቀደም ክፍል ከኢጣሊያ ቀላል ታንኮች ጋር ተጋጠመ። ስሙ ከደምበጫ ጋር ቢመሳሰልም ቦታው ሌላ ነው፤ ደምበጉና ትግራይ ውስጥ ከተከዜ ማዶ ነው፣ ደምበጫ ግን ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጎጃም ከተማ ናት። ታንኮቹ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ መትረየሳቸው ከፊት ተተክሎ ወደ ኋላ ሊዞር የማይችል ነበሩ። ከዘማቾቹ ለብዙዎቹ በሰንሰለት የሚሄድ ተሽከርካሪ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አልቀረም። ሆኖም ደካማ ጎኑን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ መትረየሱ ከማይደርስበት ከኋላና ከጎን ተጠጉት። በጠባቡ መንገድ ከተጨናነቁት ታንኮች አንዳንዶቹ ተገለበጡ፣ አንዳንዶቹ ተቃጠሉ፣ ሌሎቹም ተማረኩ።

የጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ውጊያ ስለ ጀግንነቱ ይተርኩታል፤ ተገቢም ነው። መሐንዲስ ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም ያስባል። የተማረከ ታንክ ነዳጅ፣ መለዋወጫና መካኒክ ካልተገኘለት በቆመበት የሚቀር ብረት ነው። በጥይት ያልተበሳ ሞተር እንኳ ሁለት ክረምት ሜዳ ላይ ካደረ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። መካኒኮቻችን ይህን «ሞተሩ ነከሰ» ይሉታል።

ደምበጫም የራሷ የጦር ሜዳ ታሪክ አላት። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገው የኢጣሊያ ጦር በደምበጫ አጠገብ በቻራቃ ወንዝ ዳር ከሰፈረው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ከባድ ውጊያ አድርጓል። ኢትዮጵያውያኑ በቁጥር እጅግ ያነሱ ነበሩ፤ ቢሆንም በፀረ ታንክ ጠመንጃ ብረት ለበስ መኪናዎችን አቁመዋል። ወሩ ከወጣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ኢጣሊያኖቹ ሲለቁ መንገዱን፣ የጭነት መኪናውንና አንድ ሌላ ነገር ትተው ሄዱ፤ ይኸውም የጋራዥ ቋንቋ ነው። ቴስታታ፣ ቢዬላ፣ ካሚቻ፣ ብሮንዚና፣ ቮላኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ የሚሉት ቃላት በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በዘይት በረጠበ እጅ ከአንዱ መካኒክ ወደ ሌላው የተላለፉ ናቸው። ዛሬ አንድ ወጣት መሐንዲስ ኮኔክቲንግ ሮድ ብሎ የተማረውን ነገር አዛውንቱ መካኒክ ቢዬላ ሲለው ግር ይለዋል፤ ከቃሉ ጋር ያለው ዕውቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከአዛውንቱ ዘንድ ነው፣ አልተጻፈምም።

በሰንሰለት የሚሄደው ማሽን በሰላም ወደ ጎጃም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች አምስት ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ቡልዶዘር ለገጠሩ ሰው የመንገድ መምጣት ምልክት ሆነ። ሥራው ሲያልቅ ግን ማሽኑ ሁሉ ወደ ካምፕ አልተመለሰም፤ የተበላሸው መለዋወጫ እስኪመጣለት በሚል በቆመበት ቀረ።

የሰንሰለት ተሽከርካሪ ገና ጀማሪ በነበረበት ዘመን ትልቁን ፈተና የገጠመው ግን በጭቃና በድንጋይ ላይ ብቻ ሳይሆን በበረዶ ላይም ጭምር ነው፤ የሞተርና የሰንሰለት ነገር ተለይቶ የታየውም እዚያ ነው። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን ሮበርት ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ሲዘምት ዎልስሊ ከተባለው ፋብሪካ ሦስት በሰንሰለት የሚሄዱ የሞተር ተንሸራታቾች አሠርቶ ነበር። (የዎልስሊ ስም ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ነድቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሰው መኪና ዎልስሊ ሲድሌይ ነበር።) ከሦስቱ አንዱ ከመርከብ ሲራገፍ በረዶው ከሥሩ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ሰመጠ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1911 መጨረሻ ጉዞ ጀመሩ፤ ከሳምንት ብዙም ሳያልፉ ሁለቱም መንገድ ላይ ተተዉ። ሰንሰለቱ ሥራውን ሠርቷል፤ የከዳው ሞተሩ ነው። በአየር የሚቀዘቅዙት ሲሊንደሮች፣ በተለይ የኋለኞቹ፣ ከመጠን በላይ ጋሉ፤ የቢዬላው ብሮንዚናም ተሰበረ። በዚያ ብርድ ውስጥ ሞተር ከሙቀት የተነሣ መሞቱ ለሰሚው እንግዳ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በቀስታ እየሄደ ከባድ ጭነት የሚጎትት ሞተር ነፋስ አያገኝም፣ ቅባቱም በብርዱ ይረጋበታል።

ከስኮት በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተሻሻለ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ የመኪና ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊ አዶልፍ ኬግሬስ መኪና በበረዶ ላይ እንዲሄድ ተለጣጭ ሰንሰለት ፈለሰፈ፤ ከአብዮቱ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ከሲትሮን ጋር ሠራ፣ ለበረዶ የታሰበውም ፈጠራ እ.ኤ.አ. በ1922 መጨረሻና በ1923 መጀመሪያ ሰሐራን አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በጥር 1958 ኤድመንድ ሂላሪ ሰንሰለት በተገጠመላቸው የፈርጉሰን የእርሻ ትራክተሮች ደቡብ ዋልታ ደረሰ፤ ቪቪያን ፉክስም ስኖ ካት በተባሉት ተሽከርካሪዎች አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር በ99 ቀን ተሻገረ። እንዲህ ያሉ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ዛሬ በውጭ አገር በሙዚየምና በግለሰቦች እጅ እየታደሱ ነው። ከበረት ውስጥ አርባ ዓመት ቆሞ የቆየውን ማሽን የሚረከብ ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠውም ያው የነከሰ ሞተር ነው። በዚህ ረገድ በአልፕስ ተራሮች የቆመ የበረዶ ተሽከርካሪና በደምበጫ መንገድ ዳር ሊቆም የሚችል ዶዘር ልዩነት የላቸውም።

ሞተር የሚነክስበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም፤ ሐኪሙ በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት ሊሰጥ አይገባም። በሥራ ላይ ሳለ ውሃው ወይም ዘይቱ ያለቀበት ሞተር በሙቀት ይነክሳል። አሉሚንየም በሙቀት ከብረት በእጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአሉሚንየም ፒስተን ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር 0.46 ሚሊሜትር ገደማ ሲሰፋ፣ የብረቱ ሲሊንደር እኩል ቢግል እንኳ 0.22 ብቻ ይሰፋል። በመካከላቸው የተተወው ክፍተት ያልቃል፣ ዘይቱ ይጨመቃል፣ አሉሚንየሙም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ ዓይነቱ ቁስል ሲላቀቅም ጠባሳው ይቀራል፣ አዲስ ፒስተን መጠየቁ አይቀርም።

ቆሞ የነከሰው ግን ሌላ ነው። በጎጃም ደጋ ክረምት ዝናቡ ክፍት በሆነው የጭስ ማውጫ ይገባል፤ ሞተር ሲቆም ከቫልቮቹ ጥቂቶቹ ምንጊዜም ክፍት ስለሆኑ ውሃው እስከ ፒስተኑ አናት ይወርዳል። ፋሻዎቹና ካሚቻው በዝገት ይጣበቃሉ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እንደ ሽብልቅ ያጠብቃል። በጭስ ማውጫው ላይ ባዶ ጣሳ የሚደፋ ኦፕሬተር ብዙ ሺሕ ብር የሚያድን ሰው ነው፤ ስለዚህ ጣሳ በየትኛውም የጥገና መመሪያ ላይ በቂ ቦታ አልተሰጠም።

ብዙ ማሽን የሞተው ግን በዝገቱ ሳይሆን በትዕግሥት ማጣት ነው። የተለመደው ስሕተት ማርሽ አስገብቶ በሌላ መኪና መጎተት ነው። ፋሻው ይሰበራል፣ ቢዬላው ይጣመማል፣ ሊድን የሚችለው ሞተር በአንድ ቀን ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። በሰንሰለት ተሽከርካሪ ላይ ደግሞ ሌላ አታላይ ነገር አለ፤ አልዞር ያለው ሞተሩ ሳይሆን ማርሽ ሳጥኑ፣ የመሪው ፍሪሲዮን ወይም ከጥርሱ ጋር የዛገው ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ መካኒክ አስቀድሞ ሞተሩን ከሚነዳው ሁሉ ይለያል፤ ሞተሪኖውን፣ ዲናሞውንና የውሃውን ፖምፓ ይፈታል፤ የቀረው ብቻውን መንከሱን ያረጋግጣል።

ከዚያ በኋላ ካንዴላዎቹ ወይም ናፍታ የሚረጩት ይፈታሉ፤ በየቀዳዳው ላምባና የሞተር ዘይት ተቀላቅሎ ይፈሳል። ቀጭን ፈሳሽ ወደ ጠባቡ ክፍተት ይሠርጋል፣ ዘይቱም ተከትሎ ያለሰልሳል። ይህ የሰዓታት ሥራ አይደለም፤ ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወር። ፈሳሹ ከአንዱ ሲሊንደር ቶሎ ሲጎድል፣ ከሌላው ሳይነቃነቅ ሲቀር፣ የትኛው ፒስተን እንደ ነከሰ ፍንጭ ይሰጣል። ቴስታታው ሊነሣ ከቻለ ይነሣል፤ ከፒስተኑ በላይ ያለው ዝገት በደንብ ሳይጠረግ ፒስተኑን ወደ ላይ መግፋት ፋሻውን በዝገቱ ላይ መስበር ነው። ከላይ መምታት ካስፈለገ በፒስተኑ ስፋት የተጠረበ እንጨት ይቀመጥበታል፤ መዶሻ ፒስተንን በቀጥታ ሊነካ አይገባም። ቴስታታው ካልተነሣ፣ ቫልቮቹም ዝግ ከሆኑ፣ በካንዴላው ቀዳዳ በግራሶ ፖምፓ ግራሶ መሙላት ይቻላል፤ የእጅ ፖምፓ የሚያመነጨው ግፊት በፒስተኑ ሙሉ ስፋት ላይ ሲያርፍ ከማናቸውም መዶሻ ይበልጣል፣ ሳይመታም ይገፋል። ማሞቅ ሲያስፈልግ በውሃው መንገድ ሙቅ ውሃ ማዞር ይሻላል፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በተሞላ ሞተር አጠገብ ግን እሳት አይቀርብም።

ኃይሉ የሚሰጠው በቮላኖው ጥርስ በኩል፣ ረዘም ባለ የብረት ዘንግ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን ወዲህና ወዲያ፣ እየተፈራረቀ፣ ሳይፈነጥር። ፒስተኑ በተነቃነቀ ጊዜ ደስታው ያታልላል፤ ሙሉ ዙር ለማዞር የሚቸኩል ሰው ከፒስተኑ ጋር አብረው የዛጉትን ቫልቮች ይረሳል፣ የሚገፏቸውንም ዘንጎች ያጎብጣል። ኮፓው ተከፍቶ ውሃና ዝቃጭ ሳይወጣ፣ አዲስ ዘይትም በእጅ ተገፍቶ ብሮንዚናዎቹ ዘንድ ሳይደርስ ሞተሩ አይነሣም።

ልማደኛ መካኒክ ሥራውን ሲጀምር በቮላኖውና በሽፋኑ ላይ አንድ መስመር በጠመኔ ያሰምራል። በየጠዋቱ ያንን ዘንግ ይዞ ይገፋል፣ ይስባል፣ መስመሩንም ያያል። አንድ ቀን የቮላኖው መስመር ከሽፋኑ መስመር በጥፍር ስፋት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ዘንጉን አስቀምጦ በየቀዳዳው ላምባውን ይጨምራል፤ የቀረውን ለነገ ያሳድራል።