መኪናን የሚቀርጽ ብረት፣ ብረቱን የሚቀርጽ እጅ

ስለ አውቶሞቢል ታሪክ ሲወራ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው የሄንሪ ፎርድ ስም ነው። ከዚያ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ዋጋው እናወራለን። ኮፈኑና ፓራፋንጎው፣ በሩና ጣሪያው እንዴት ቅርጽ እንደያዙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በእኛ ከተማ መኪና ሲጋጭ ባትላሜራው የተጨማደደውን ላሜራ በመዶሻ እያባበለ ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ እናያለን። ያንኑ ላሜራ መጀመሪያ ቅርጽ ያስያዘው ፋብሪካ ግን አንዱን ምት የሚጨርሰው በሰከንዶች ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ከእነዚያ ሰከንዶች በስተጀርባ ስላለው ብረትና ስለ ብረቱ ባለሙያ ነው። ብረቱ ዳይ ይባላል። ባለሙያው ቁጥሩ አነስተኛ፣ ስሙም ከፋብሪካው ግቢ ውጪ የማይታወቅ ነው። ሆኖም በዓለም ትልቁ የመኪና ኩባንያ የነበረው ጄኔራል ሞተርስ ሦስት ጊዜ የተንበረከከው በዚህ ብረት ምክንያት ነው። እንዴት? ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳይ ምንድን ነው?

ዳይ በቀላል አነጋገር ግዙፍ የብረት ማኅተም ነው። ታችኛውና ላይኛው የሚባሉ ሁለት አካላት አሉት፤ የአንዱ ጉብታ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንስ ውፍረት ያለው ላሜራ በመካከላቸው ይቀመጥና በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ በሚቆጠር ቶን በሚጫን ፕሬስ ይመታል። ለአንድ በር አንድ ዳይ አይበቃውም። የመጀመሪያው ላሜራውን ስቦ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ሁለተኛው ትርፉን ይቆርጣል፤ ሌላው ቀዳዳውን ይበሳል፤ ሌላው ጠርዙን ያጥፋል። ለትልልቅ የአካል ክፍሎች የሚሠራ አንድ ዳይ ብዙ ቶን ይመዝናል።

ሥራው ደብዳቤ ላይ ማኅተም እንደመምታት ቢሆን ኖሮ ባለሙያም ባላስፈለገው። ላሜራ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ሲሳብ ዳርና ዳሩን አጥብቀው ከያዙት ይቀደዳል፤ ከለቀቁለት ይጨማደዳል። ቅርጹን ያዘ ሲባል ደግሞ ከፕሬሱ እንደወጣ በመጠኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ዳዩ የሚሠራው በሩ እንዲሆን በሚፈለገው ቅርጽ ልክ አይደለም፤ ላሜራው የት ላይ እንደሚያፈገፍግ ተገምቶ ከዚያ አለፍ ተደርጎ ነው።

የዳይ ባለሙያው በብረቱ ፊት ላይ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ይቀባል። ያጋጥመዋል። ቀለሙ የተላለፈበትንና ያልተላለፈበትን ቦታ ይመለከትና የጎላውን በሞረድና በማለስለሻ ድንጋይ ይፍቃል። ደግሞ ይቀባል፤ ደግሞ ያጋጥማል፤ ደግሞ ይፍቃል። መዳፉን በብረቱ ላይ ሲያሳልፍ ዓይን የማያየውን እብጠት ጣቱ ይነግረዋል። ዛሬ ላሜራው የት ሊቀደድ እንደሚችል ኮምፒዩተር አስቀድሞ ያሰላል፤ ብረቱንም በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ይቆርጠዋል። ያም ሆኖ የመጨረሻው ሙከራና ማስተካከያ እስከ ዛሬ ከሰው እጅ አልወጣም።

ከእንጨት ወደ ብረት

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አካል የጋሪ ሠሪዎች ሥራ ነበር፤ አጥንቱ እንጨት፣ ቆዳው ላሜራ። ይህን የለወጠው ኤድዋርድ በድ የተባለ ሰው ነው። በ1912 በፊላደልፊያ ኩባንያ አቋቋመ። በ1914 የዶጅ ወንድማማቾች ለአዲሱ መኪናቸው ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አካል እንዲያቀርብላቸው አዘዙት። ከዚያ ወዲህ የአናጢው ሥራ እየቀነሰ፣ የዳይ ሠራተኛው ሥራ እየጨመረ ሄደ።

ይህ ሰው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ በግልጽ የታየው በ1927 ነው። ፎርድ 15 ሚሊዮን ከደረሰ በኋላ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ማምረት በግንቦት ወር አቆመ። ተተኪው ሞዴል ኤ ለሕዝብ የቀረበው በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ያ ሁሉ ፋብሪካ የጠበቀው አዲስ ማሽንና አዲስ ዳይ እስኪዘጋጅ ነበር። ገንዘብ ነበር፤ ብረት ነበር፤ ሥራ ፈላጊ ሠራተኛም ሞልቶ ነበር። ያልነበረው ዳዩ ነው።

በዚያው ዓመት ዊሊንግ ከተባለች የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ወደ ዲትሮይት መጣ። ዋልተር ሩተር ይባላል። ሙያውን የተማረው በትውልድ ከተማው የብረት ፋብሪካ ነው፤ እዚያ ሳለ ከሌሎች ጋር ያነሣው ከባድ ዳይ እግሩ ላይ ወድቆ የአውራ ጣቱን አሳጥቶታል። ፎርድ የዳይ ሠራተኛ አጥብቆ ይፈልግ ስለነበር ወጣቱ ተቀጠረ። ይህ ስም ኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ አንባቢ ይያዝልኝ።

የጄኔራል ሞተርስ አለቃ አልፍሬድ ስሎን ደግሞ በየዓመቱ የመኪናን መልክ መለወጥን ፈሊጥ አደረገው። መልክ በተለወጠ ቁጥር ዳይ ይለወጣል። ለዳይ ሠራተኛው ይህ በረከትም መርገምም ነበር። አዲሱ ሞዴል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ወራት ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ ሞዴሉ ሲወጣ ግን በር ላይ ይጣላል። በ1933 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በፍሊንት፣ በፖንቲያክና በዲትሮይት ያደሙት በዚህ ምሬት ነው።

ፍሊንት፣ ታኅሣሥ 30፣ 1936

ጄኔራል ሞተርስ ለ1935 ሞዴሎቹ ከአንድ ወጥ ላሜራ የተመታ የብረት ጣሪያ ይዞ ቀረበ። እስከዚያ ድረስ የብዙ መኪኖች ጣሪያ መሐል በጨርቅ የሚሸፈን ነበር። አዲሱ ጣሪያ ለተሳፋሪው ደኅና ነው፤ ለማስታወቂያም ተመቸ። ነገር ግን ዳዩ እጅግ ትልቅ፣ እጅግ ውድ ሆነ። እንዲህ ያለውን ዳይ በየፋብሪካው ማባዛት አይቻልም። ስለዚህ የኩባንያው ዋና ዋና የአካል ዳዮች በሁለት ፋብሪካዎች ተሰበሰቡ፤ አንዱ በክሊቭላንድ፣ ሌላው በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ የሚገኘው ፊሸር ቁጥር 1።

በ1935 የተመሠረተው የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር በፍሊንት የነበረው አባል ትንሽ ነበር፤ ኩባንያውም በመካከላቸው ሰላይ አሰማርቶ ነበር። የማኅበሩ አደራጆች ግን አንድ ነገር አውቀዋል፦ ዳዮቹ ያሉበትን ፋብሪካ የያዘ የኩባንያውን ጉሮሮ ይይዛል። አድማውን ያሰቡት ለሠራተኛ የሚያዝነው አዲሱ አገረ ገዥ ፍራንክ መርፊ በጥር መጀመሪያ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነበር። ዳዮቹ ቀጠሮውን አፋጠኑት። ታኅሣሥ 28 ክሊቭላንድ አደመ። ታኅሣሥ 30 ማታ በፍሊንት ዳዮች በባቡር ፉርጎ ላይ እየተጫኑ፣ ማኅበሩ ወደ ደከመባቸው ከተሞች ሊሄዱ ነው ተባለ። ከፋብሪካው ፊት ለፊት ባለው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ላይ የስብሰባ ምልክት የሆነው ቀይ መብራት በራ። ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓታቸው ተሰብስበው ተወያዩ፤ ተመልሰው ገቡ፤ ከዚያ አልወጡም።

ውጭ ሆኖ ከማደም ይልቅ ውስጥ ተቀምጦ ማደም ትርጉሙ ይህ ነው። ተቀምጠው ዳዩን ጠበቁት። በእነሱ ምትክ ሌላ ሠራተኛ ማስገባት አልተቻለም፤ ዳዩንም ማውጣት አልተቻለም። ጥር 11 ፖሊስ በፊሸር ቁጥር 2 ላይ አስለቃሽ ጭስና ጥይት ሲተኩስ ከውስጥ የተወረወረበት የመኪና በር ማጠፊያ ነበር። አገረ ገዥው ወታደር ላከ፤ ሠራተኛውን ከፋብሪካ ለማስወጣት ግን አልተጠቀመበትም። በ44ኛው ቀን፣ የካቲት 11፣ 1937 ጄኔራል ሞተርስ ማኅበሩን አውቆ ፈረመ። አንድ ዳር ላይ ያለች ከተማ ሠራተኛ ይህን ያህል ኩባንያ ያንበረከከው በቁጥሩ ብዛት አይደለም፤ የቆመበትን ቦታ በማወቁ ነው።

ጥቂቶች ለብዙዎች

ከሁለት ዓመት በኋላ ማኅበሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ኩባንያውም ከማንኛችሁ ጋር እንደምነጋገር አላውቅም አለ። በዚህ ጊዜ የጄኔራል ሞተርስን ጉዳይ በማኅበሩ ውስጥ ይመራ የነበረው ያ አውራ ጣቱን ያጣው የዳይ ሠራተኛ፣ ዋልተር ሩተር ነው። በመካከሉ ከወንድሙ ጋር ሶቪየት ኅብረት ሄዶ፣ ፎርድ በሸጠላቸው መሣሪያ በሚሠራው የጎርኪ የመኪና ፋብሪካ ለገበሬ ልጆች ሙያውን ሲያስተምር ቆይቶ ተመልሷል።

ሩተር የሙያው ሰው ስለነበር የቀን መቁጠሪያውን ያውቃል። በሐምሌ 1939፣ የ1940 ሞዴሎች ዳይ በሚዘጋጅበት ወር፣ የዳይና የመሣሪያ ሠራተኞችን ብቻ ለአድማ ጠራ። ሌላው ብዙ ሺህ ሠራተኛ አላደመም። ዳዩ ካልተዘጋጀ አዲሱ መኪና አይወጣም፤ ሥራ ሲቆም ደግሞ ያላደመው ሠራተኛ የሥራ አጥ ድጎማ ለመጠየቅ መንገድ አለው። አንድ ወር ገደማ ፈጀ፤ ኩባንያው ተስማማ። ሩተር ከ1946 ጀምሮ በ1970 በአውሮፕላን አደጋ እስከሞተበት ቀን ድረስ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበር።

ይህን ሁሉ በአድናቆት ብቻ ብተርከው ግን ታሪኩን አጉድላለሁ። ያ የሙያ በር ለሁሉም የተከፈተ አልነበረም። ጥቁር አሜሪካውያን በሙቀቱ በማቅለጫው፣ በአቧራው በቀለም ክፍሉ ይቀጠሩ ነበር፤ ወደ ዳይ ክፍል የሚያስገባው የልምምድ ትምህርት ግን ለአሥርታት ያህል ለነጮች የተተወ ነበር ማለት ይቻላል። በ1957 በዲትሮይት የራሳቸውን ምክር ቤት ያቋቋሙት ጥቁር የማኅበሩ አባላት ከሚቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ሙያ ጋሻ ነው፤ ጋሻውን ለልጁና ለወንድሙ ብቻ የሚያወርስ ግን ጎረቤቱን ያለ መከላከያ ይተወዋል።

ሦስት ደቂቃ

ጃፓኖች ደግሞ በዳዩ ላይ ሌላ ጥያቄ አነሡ። ከጦርነቱ በኋላ ቶዮታ ድሀ ኩባንያ ነበር፤ እንደ ዲትሮይት ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ፕሬስ መመደብ አይችልም። አንዱ ፕሬስ ዛሬ በር፣ ነገ ኮፈን መምታት ነበረበት። ችግሩ ዳይ አውርዶ ሌላ መጫን ሰዓታት መፍጀቱ ነው። ታይቺ ኦኖ ይህን ለማሳጠር ዓመታት ደከመ። አማካሪው ሺጌዎ ሺንጎ እንደተረከው፣ በ1969 አንድ የ1,000 ቶን ፕሬስ ዳይ ለመቀየር 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር። በመጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ ቀጥሎም ወደ 3 ደቂቃ ወረደ።

ምሥጢሩ እኛ ቤት ቡና የምታፈላ ሴት የምታውቀው ነው። ጀበናው ከተጣደ በኋላ ስኒ ፍለጋ የሚነሣ የለም። ፕሬሱ ገና እየሠራ ሳለ ቀጣዩ ዳይ ቀርቦ፣ ከፍታው ተስተካክሎ፣ ብሎኑ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ፕሬሱ ሲቆም የሚቀረው መተካት ብቻ ነው። ብዙ ማከማቸት ቀረ፤ ብልሽቱም ቶሎ ታየ። አሜሪካኖቹ ዳዩን እንደ ምሽግ ሲጠብቁት፣ ጃፓኖቹ እንደ ቤት ዕቃ አለመዱት።

ዳዩ ሲሄድ

የፍሊንት ታሪክ ግን ገና አላለቀም ነበር። ከ61 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1998 መጨረሻ፣ ሠራተኛው ለበዓል ዕረፍት በወጣበት ሰሞን ጄኔራል ሞተርስ ከፍሊንቱ የፕሬስ ፋብሪካ የአዲስ ፒክአፕ መኪና ዳዮችን አውጥቶ ወደ ኦሃዮ ወሰደ። ሠራተኞቹ ሲመለሱ ያዩትን ለመረዳት ማንም አላስተማራቸውም፤ ዳዩ ከሄደ ሥራው እንደሄደ አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል። ሰኔ 5 አደሙ። ሌላም የመለዋወጫ ፋብሪካ ተከተለ፤ የሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎቹ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቆሙ። 54 ቀን ቆየ፤ ኩባንያው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ዳዮቹ ተመልሰው ፍሊንት ገቡ። ድል ነበር፤ ሆኖም አንዳንድ የፍሊንት ፋብሪካዎችን ከመዘጋት አላዳነም። ዳይን ለጊዜው መመለስ ይቻላል፤ ጊዜን ግን መመለስ አይቻልም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? በ2010 ቢ.ዋይ.ዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ በጃፓን ታተባያሺ የሚገኝ የኦጊሃራ ኩባንያ የዳይ ፋብሪካ ገዛ። ልብ በሉ፤ ወጣቱ ኩባንያ ወደ ጃፓን ሄዶ የገዛው የመኪና ስም ሳይሆን ዳይ የሚሠሩበትን ቤት ከነሙያው ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የዚህ ኩባንያ መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት ይታያሉ።

በአገራችን መኪና የሚገጣጥም ድርጅት ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ጭብጨባ ይሆናል። መገጣጠም መጀመሪያ ነውና አልንቀውም። በበኩሌ ግን በእንዲህ ያለ ቀን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፦ የዚህን መኪና ላሜራ የሚመታው ዳይ የት ነው ያለው? ዳዩን በሞረድ የሚያስተካክለው እጅስ የማን ነው? ፕሬስ በመርከብ ይመጣል፤ ዳይም በመርከብ ይመጣል፤ በዓመታት ፍቂያ የሠለጠነ መዳፍ ግን በኮንቴይነር አይጫንም። እሱን ማሠልጠን ከሪባኑ በፊት መጀመር ያለበት ሥራ ነው።