የአባቶቻችን መሣሪያ በባሕር አገር እንዳይዝግ

ወደዚህ አገር ስትመጡ በጓዛችሁ መካከል አንዲት ወስፌ፣ አንዲት ትንሽ መዶሻ ወይም የአያታችሁን ጉጠት ይዛችሁ መጥታችሁ ይሆናል። ያች መሣሪያ ዛሬ የት ናት? በረንዳ ላይ ወይም ማሕሳን ውስጥ በካርቶን ተቀምጣ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አውጥታችሁ እዩአት።

ብረት በታሪካችን ተራ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 እንደተጻፈው፣ በዚያ ዘመን በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ ስላልነበረ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። ቀጥቃጭ የሌለው ሕዝብ የሰው እጅ ጠባቂ ይሆናል። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቀጥቃጮቹ እኛ ስንሆን መሬቱ የሌላ ነበር።

አፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1413-1430) አባቶቻችንን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ፣ ክርስትናን ያልተቀበለ ርስት እንዳይወርስ ማወጃቸው ይነገራል። ከዚያም ጦርነቱ እስከ አፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607-1632) ድረስ እየተመላለሰ ቆየ። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ጥበብ ይኖራልና፣ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ጎንደር ከ1636 ጀምሮ የነገሥታት ከተማ በሆነች ጊዜም ከአባቶቻችን መካከል ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ነበሩ። ገበሬው ማረሻና ማጭድ ሲፈልግ ወደ ቀጥቃጩ ደጅ ይመጣ ነበር፤ ሲመሽ ግን ያንኑ ቀጥቃጭ «ቡዳ» ብሎ ይሸሸዋል። ስለዚህ ብዙ ልጆች የአባታቸውን ወናፍና መዶሻ በኩራት ሳይሆን በሐፍረት ያስታውሳሉ።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ። በዕብራይስጥ «ሐሉዳ» ይሉታል። ብረት አየርና እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ ጨው ከተጨመረ ደግሞ ይፋጠናል። በደጋው አገር ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብዙ ወራት ደረቅ ናቸው፤ በጎጆው ውስጥም እሳት አይጠፋም። እዚህ ግን በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን ወይም በነታንያ የምትኖሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በጋውም እርጥብ ነው፤ የባሕሩም ነፋስ ጨው ይዞ ይገባል። እዚያ ሠላሳ ዓመት የቆየች ወስፌ እዚህ በአንድ ዓመት ልትበላ ትችላለች።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዘመን ብረትን በነጭ እርሳስ፣ በጀሶና በዝፍት ቀብቶ ከዝገት መጠበቅ እንደሚቻል ጽፏል። በ1913 ደግሞ ሃሪ ብረርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ክሮምየም የተባለውን ማዕድን ከብረት ጋር አዋሕዶ በቀላሉ የማይዝግ ብረት ሠራ። ዛሬ በወጥ ቤታችሁ ያለው ማንኪያና ሹካ ከዚያ ዓይነት ነው። የአባቶቻችን መሣሪያ ግን ክሮምየም የለበትም፤ ስለዚህ ጠባቂው እናንተ ናችሁ።

እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ መሣሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ቀይ ዝገት ካለ ጥቂት ዘይት አፍስሱበትና በቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉት። የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ። በላዩ ላይ ያለው ጥቁር ቆዳ እሳቱ የፈጠረው ነው፤ እሱም በመጠኑ ከዝገት ይከላከላል፤ የመዶሻውም አሻራ ያለው በዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቡት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ ይሻግታል፣ ይጣበቃልም። ከቀባችሁ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብ ጨው አለውና።

ሦስተኛ፣ ዘይት በነካ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ቢላ በቆዳ አፎት ውስጥ አይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል። ካርቶንም እንዲሁ ነው። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ ከመሣሪያው ጋር ክተቷት። ልጆች እንዳይበሏት ግን ተጠንቀቁ። ሣጥኑ ከበረንዳው ይልቅ በቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

አራተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ክፈቱት። ለፋሲካ ቤት ስታጸዱ አንድ ጊዜ፣ ከሱኮት በኋላ ዝናቡ ሳይጀምር አንድ ጊዜ። ቀኑን በዚህ ካሰባችሁት አትረሱትም።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ አገር ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ቤተሰባቸው አመጣጥ የሚጽፉበት «ዓቮዳት ሾራሺም» የሚባል ሥራ አለ። አንድ ቀን ልጃችሁ መጥቶ «አያቴ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ ጥያቄውን በዝምታ እንዳታልፉት። ሣጥኑን ክፈቱና መዶሻውን በእጁ ላይ አስቀምጡለት። እጀታው በማን እጅ እንደለሰለሰ፣ ያ ሰው የመንደሩን ማረሻ ሁሉ ይሠራ እንደነበር ንገሩት። ከዚያም ዘይቱንና ጨርቁን ስጡት፤ የሚቀጥለውን ፋሲካ እሱ ይቀባው።