ያላለቀሰችው ሕፃን እና የለንደን ሐኪሞች

በ1949 አንዲት የለንደን እናት የሁለት ዓመት ልጇ ታሞ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ቢተኛ፣ በመጀመሪያው ወር ልትጎበኘው አትችልም ነበር። የሚፈቀድላት ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት መጥታ፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ አይታው መመለስ ብቻ ነው። ጋይስ ሆስፒታል እሑድ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት በሩን ይከፍታል። ለንደን ሆስፒታል ደግሞ ከ3 ዓመት በታች ያሉትን መጎብኘት ጭራሽ ከልክሏል፤ ወላጅ በመከለያው በኩል አሻግሮ ቢያይ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ግር ይላል። ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ እናት ወይም አክስት አስታማሚ ሆና አጠገቡ ማደሯ እዚህ ጥያቄ እንኳ የሚነሳበት ጉዳይ አይደለም። እርግጥ ነው፣ አስታማሚ የሚያስፈልገው በከፊል የነርስ እጥረት ስላለ ነው። ቢሆንም በዚያ ዘመን ከለንደኑ ልጅ ይልቅ አስታማሚ ያለው ልጅ አንድ ትልቅ ነገር ነበረው።

የለንደን ሐኪሞች ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም። ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በፊት በነበረው ዘመን ኩፍኝና ዲፍቴሪያ ወደ አንድ የሕፃናት ክፍል ከገቡ ብዙ ልጅ ይዘው ይሄዱ ነበር። ጎብኚ ማለት የበሽታ ተሸካሚ ማለት ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዓይን የመጣ ነው። እናት ጎብኝታ ስትሄድ ልጁ ይጮኻል፣ ክፍሉ ይታመሳል። እናት ካልመጣች በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ጸጥ ይላል፣ ይበላል፣ ለነርሶቹ ይታዘዛል። ይህንን «ለመደ» አሉት። ጉብኝት ልጅን የሚረብሽ፣ አለመጎብኘት ደግሞ የሚያረጋጋ ሆኖ ተመዘገበ።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች አልጠፉም። በኒውካስል ጄምስ ስፔንስ የተባሉ ሐኪም ከ1920ዎቹ ጀምሮ እናቶችን ከታመሙ ሕፃናታቸው ጋር ያስተኙ ነበር፤ የተከተላቸው ግን ጥቂት ነው። በመስከረም 1939 ጦርነቱ ሲጀመር መንግሥት ሕፃናትን ከከተሞች ወደ ገጠር ሲያሸሽ፣ ጆን ቦውልቢ፣ ኢማኑኤል ሚለርና ዶናልድ ዊኒኮት ለብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፉ፦ ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ከእናቱ ነጥሎ ማቆየት አደጋ አለው የሚል። ዊኒኮት ቆይቶ በቢቢሲ ሬዲዮ ለወላጆች በቀጥታ መናገር ጀመረ፤ ለዓመታትም ቀጠለበት። ያም ሆኖ በሆስፒታሎቹ የጉብኝት ሰሌዳ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

የለወጠው ሰው ሐኪም አልነበረም። ጄምስ ሮበርትሰን ከግላስጎው አቅራቢያ ከሠራተኛ ቤተሰብ የወጣ ስኮትላንዳዊ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አና ፍሮይድ በሰሜን ለንደን ባቋቋመችው የሕፃናት ማቆያ ተቀጠረ፤ ሥራው ማሞቂያውን መንከባከብና የተሰበረውን መጠገን ነበር። አና ፍሮይድ ግን ከጥገና ሠራተኛው ጀምሮ ሁሉም ሠራተኛ በልጆቹ ላይ ያየውን በወረቀት እንዲጽፍ ታዝዝ ነበር። ሮበርትሰን ማየትን የተማረው እዚያ ነው። በ1948 ቦውልቢ ወደ ታቪስቶክ ክሊኒክ ወሰደውና በሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን እንዲከታተል አሰማራው።

ያገኘው ነገር የሐኪሞቹን ንባብ ገለበጠው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይፈልጋታል፤ ተቃውሞ ነው። ቀጥሎ ድምፁ ይጠፋል፤ ተስፋ መቁረጥ ነው። ከዚያ በኋላ መጫወትና መብላት ይጀምራል፣ እናቱ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞርባታል። ነርሶቹ «ለመደ» የሚሉት ይህንን ሦስተኛውን ደረጃ ነበር።

ሮበርትሰን ይህን ለሐኪሞች ቢናገር የሚያምነው አጣ። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የፊልም ካሜራ ገዛ፤ ከዚያ በፊት ፊልም ቀርጾ አያውቅም። ከወረፋ ዝርዝር በዕጣ የወጣችው ሎራ የምትባል የ2 ዓመት ከ5 ወር ልጅ ነበረች፤ ለእምብርት ሄርኒያ ቀላል ቀዶ ጥገና 8 ቀን ተኛች። «መርጠህ ነው የቀረጽከው» እንዳይባል በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ቀረጸ፤ የክፍሉ ሰዓትም በምስሉ ውስጥ እንዲገባ አደረገ።

ሎራ እንደ ሌሎቹ አልጮኸችም። ራሷን የምትገዛ ልጅ ነበረች። አሻንጉሊት ድቧን ይዛ ትቀመጣለች፣ ፊቷ ይጨማደዳል፣ እንደገና ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ በዝቅተኛ ድምፅ እናቷ የት እንዳለች ትጠይቃለች። ስትወጣ ዕቃዎቿን ሁሉ ሰበሰበች፣ የእናቷን እጅ ለመያዝ ግን እምቢ አለች። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚሆን ነገር የለም። ኃይሉም እዚያ ላይ ነው፤ የሚጮኽ ልጅ ቢሆን ኖሮ «ይለምዳል» ብለው ባለፉት ነበር።

በኅዳር 1952 ፊልሙ በለንደኑ የሕክምና ሮያል ሶሳይቲ ለሕፃናት ሐኪሞችና ነርሶች ታየ። አዳራሹ ተቆጣ። ልጅቷ የተለየች ናት፣ ሙያችን ተሰድቧል፣ ፊልሙ ይከልከል ተባለ። ቦውልቢና ሮበርትሰን ለጊዜው ለሙያተኞች ብቻ እንዲታይ ወሰኑ። ውሳኔው ብልሃት ነበረበት፤ ዋጋም ነበረው። ለዓመታት የልጁ ባለቤት የሆነው ወላጅ ስለ ልጁ የታወቀውን ሳያይ ቆየ።

ከተቆጡት አንዱ ደርሞድ ማካርቲ ነበሩ። ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ግን በራሳቸው ክፍል ያሉትን ሕፃናት በአዲስ ዓይን አዩ፣ ሮበርትሰን ልክ መሆኑንም አመኑ። በአመርሻም ሆስፒታል እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ ፈቀዱ፤ በ1958 ሮበርትሰን ሁለተኛ ፊልሙን እዚያው ሠራ። እንዲህ ያለ ሐኪም ብዙ አይገኝም።

በ1959 በሰር ሃሪ ፕላት የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ ሪፖርቱን አወጣ፦ ጉብኝት ሳይገደብ ይፈቀድ፣ የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው እንዲያድሩ ይመቻች። መንግሥት ተቀበለው። ነገር ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም፤ ብዙ ሆስፒታሎች መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ያኔ ነው ነገሩ ከአዳራሽ የወጣው። በ1961 ሮበርትሰን በኦብዘርቨር ጋዜጣ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ በቢቢሲ ቴሌቪዥንም ቀርቦ ከፊልሞቹ ቅንጫቢ አሳየ። ከወላጆች የጎረፉት ደብዳቤዎች በዓመቱ መጽሐፍ ሆኑ። ነጻ ሕክምና ከተጀመረ ገና 13 ዓመቱ ነበር፤ በነጻ ያዳነህን ሐኪም መሞገት ውለታ ቢስነት የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት በደቡብ ለንደን ባተርሲ ሰፈር ጥቂት እናቶች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ሥራቸው ከባድ ፍልስፍና አልነበረም። መንግሥት የተቀበለው ሪፖርት እንዲህ ይላል፣ የእናንተ ሆስፒታል ምን ያደርጋል? ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱንም ለሌሎች ወላጆች ያደርሳሉ።

ይህ ሳይንስ ወደ አደባባይ ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። የቦውልቢ ጽሑፎች ለሕዝብ በሚመች መልክ ሲታተሙ፣ ሥራ የሚሄዱ እናቶችን ለመውቀሻ አዋሏቸው። ማይክል ራተር በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ልጅን የሚጎዱት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን፣ ለአጭር ጊዜ መለየትና ፍቅር ማጣት አንድ አለመሆናቸውን ለያይቶ አሳየ። እርማቱ እንደ መጀመሪያው ዜና አልተሰማም፤ እርማት መቼ ተሰምቶ ያውቃል?

የባተርሲው ማኅበር በ1965 ብሔራዊ ስም ይዞ አገር አቀፍ ሆነ። በ1988 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ የአውሮፓ መሰል ማኅበራት በሆስፒታል ላሉ ልጆች ቻርተር አጸደቁ። 2ኛ አንቀጹ ልጆች ሆስፒታል ሳሉ ወላጆቻቸው ወይም የወላጅ ምትክ የሆነ ሰው ምንጊዜም አብሯቸው የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።